ከጳጳሱ በታች የተኛው ሰው

ጌታ በተወለደ በሺህ አራት መቶ ሃምሳ ዓመት፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገር በኤልምንስተር ከተማ ዝናብ መጣል ከጀመረ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ወንዙ ከዳርቻው ወጥቶ የመነኮሳቱን የግጦሽ መስክ ውጦት ስለ ነበር፣ የካቴድራሉ ሁለት ግንቦች በቆመው ውኃ ላይ ተገልብጠው ይታዩ ነበር። በድልድዩ ላይ በፈረንሳይ ካለችው ከኖርማንዲ ተሸንፈው የተመለሱ ወታደሮች ሁለት ሦስት እየሆኑ ይለምናሉ። ያ ዓመት ለጳጳሳት ክፉ ዓመት ነበር፤ በጥር ወር አንዱ ጳጳስ በወደብ ከተማ በመርከበኞችና በወታደሮች እጅ፣ በሰኔ ደግሞ ሌላው ከቅዳሴ ላይ ተጎትተው ወጥተው በገዛ ምእመናናቸው እጅ ተገድለዋል።

የኤልምንስተሩ ጳጳስ ሬጂናልድ በዚያ ጊዜ የስልሳ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። ቀድሞ የንጉሡ አማካሪ ሆነው ለፈረንሳዩ ጦርነት ግብር ካስጣሉት መኳንንት አንዱ ስለ ነበሩ፣ ከሰኔ ወዲህ ያለ ጠባቂ ከግቢያቸው አይወጡም፤ ሲቀድሱም ዓይናቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ በሩ ይሄዳል ይባል ነበር። መቃብራቸውን በቁማቸው ማሠራት የጀመሩት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ታላላቅ ሰዎች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። መቃብሩ ባለ ሁለት ደርብ ነበር፤ በላይኛው ደርብ ጳጳሱ አክሊል ደፍተው፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ እጆቻቸውን ለጸሎት ገጥመው ይጋደማሉ፤ በታችኛው ደግሞ እኚሁ ጳጳስ ራቁታቸውን፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ በከፈን ላይ የተዘረጋ ሬሳ ሆነው ይታያሉ። ላይኛው በበጋው ተጠናቅቋል፤ የቀረው ሬሳው ነበር።

ሥራው የተሰጠው ለቀራጩ ለጀርቬስ ነው። ጀርቬስ የካቴድራሉ ግንበኛ የሃሞ አንድያ ልጅ ሲሆን፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ፣ በቡርጎንዲ መስፍን ግዛት ከታወቁ ቀራጮች ሥር አሥራ አራት ዓመት ተምሮ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የተመለሰ ሰው ነበር። ከተመለሰ ጀምሮ ግን አገሩ አልመች ብሎታል፤ በሰው አገር ሳለ የኤልምንስተርን ደወል ሲናፍቅ የኖረው ሰው፣ አሁን ደወሉን ሲሰማ ስንጥቅ እንዳለበት ብቻ ያስተውል ነበር። በቡርጎንዲ ጓደኞቹ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ካህናት የሚሞተውን ሰው በሚቀቡት ቅባትና ቁርባን ይዘው ሲሄዱ በሚያስደውሉት ደወል ይቀልዱ ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ሲመለስ ሳቁን እዚያ ትቶ አልመጣም፤ እምነቱንም ይዞ አልመጣም።

ጳጳሱ ወደ ሥራው ቦታ መጥተው የተናገሩት ጥቂት ቃል ነበር።

«እንዳታሳምረኝ» አሉት። «የላዩን አሳምረኸዋል፤ ይበቃል። ሬሳውን ሬሳ አድርገህ ሥራው። ሕዝቡ አይቶ ‹እሳቸውም እንደ እኛው ይበሰብሳሉ› ካለ፣ ምናልባት ፍርዴን ለእግዚአብሔር ይተውልኝ ይሆናል። ለፋሲካ መድረስ አለበት።»

ጀርቬስ አይቶ የሚቀርጸው ሬሳ ከየት እንደሚያገኝ ለማሰብ አልተቸገረም። ከከተማው ቅጥር ውጭ ባለው የድውያን ማረፊያ ውስጥ አባቱ ሃሞ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ተኝቶ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ የበቀለ እብጠት ከወተትና ከቀጠነ የአጃ ገንፎ በቀር ምንም አያስበላውም፤ ያ ድንጋይ በትከሻው ይሸከም የነበረ ሰውነት፣ ጎኑ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ሆኗል። ጀርቬስ ሥራው ሲቀልለት ወደ ማደሪያው ሊያመጣው አስቦ ነበር፤ ሥራው ግን አልቀለለትም። አሁን በየቀኑ ወደ ማረፊያው መሄድ ጀመረ፤ የሚሄደውም ነጭ የተቀባ የእንጨት ሰሌዳና ከሰል ይዞ ነው።

«መጣህ?» አለው ሃሞ አንድ ቀን። «ዛሬ ደግሞ የትኛውን አጥንቴን ልትሰርቅ ነው?»

«ጎንዎን ነው፣ አባባ። የትናንቱ ጥላ አላማረኝም።»

«ስሚ፣ ማርጀሪ! ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ዞሮ አላየኝም፤ ልሞት ስል መልከ መልካም ሆኜልሽ ቁጭ አልኩ።»

ማርጀሪ ሕሙማኑን የምታስታምም፣ ክንደ ወፍራም አሮጊት ነበረች። «መልክህስ ለጳጳስ ይብቃ» አለችው ገንፎውን እያማሰለች፤ «ያ አፍህ ነው ለጳጳስ የማይሆነው።»

«እትዬ ማርጀሪ፣ እባክዎ ብርድ ልብሱን እስከ ወገቡ ዝቅ ያድርጉልኝ» አላት ጀርቬስ።

«ይበርደዋል እኮ! ምነው፣ አሁኑኑ ሬሳ አደረግከው እንዴ? ገና ሰው ነው!»

«ተዪው፣ ይሥራ» አለ ሃሞ። «ዕድሜዬን ሙሉ የዚያን ካቴድራል ድንጋይ ተሸከምኩ፤ አሁን ደግሞ ድንጋዩ እኔን ይሸከመኝ። ሰው ሁሉ ለጳጳሱ ነው ብሎ እኔ እግር ሥር ሲንበረከክ ይታይሽ! እኔማ ከታች ሆኜ ሳቄን መቆጣጠሬን እንጃ።»

ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ግራ እጁን ደረቱ ላይ ጫነ። የዚያ እጅ ትንሿ ጣት ከመካከለኛው አንጓ ላይ ቁርጥ ያለች ናት። ጀርቬስ ያችን ጣት ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ ሰሌዳው ይመልሳል፤ ስሎ ሲያበቃም እጁን ለመጨረሻ ያስተርፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጀርቬስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ድንጋይ የሚነሣበትን ገመድ ያዝ ተብሎ ነበር፤ ከበላዩ አንድ ቀራጭ የመልአክ ፊት ሲጠርብ ዓይኑ ወደዚያ ሄደ፤ ገመዱ ከእጁ አመለጠ፤ ድንጋዩም ወርዶ የአባቱን ጣት ከአንጓው ላይ ቆረጠው። የግንበኞቹ አለቃ እየጮኸ ሲመጣ ሃሞ እጁን በሽርጡ ጠቅልሎ «የራሴ ጥፋት ነው፤ ቸኩዬ እጄን አስገባሁ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላም በቤትም ሆነ በሥራ ቦታ፣ በቀልድ እንኳ፣ ነገሩን አንሥቶት አያውቅም።

በዚያው ወር በሚውለው በቅዱስ ማርቲን በዓል ቀን ዝናቡ ድንገት አባራ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወጥታ፣ በማረፊያው ጠባብ መስኮት አንድ ዘለላ ብርሃን በአግድም ገብቶ በሃሞ ትከሻና ጎን ላይ ወደቀ፤ እያንዳንዱ አጥንት የራሱን ጥላ ጣለ። ጀርቬስ ይህን ብርሃን ከሁለት ሳምንት በላይ ሲጠብቀው ቆይቷል። ማርጀሪና ሌሎቹ አስታማሚዎች የተጠራቀመ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ወንዝ ወርደው ስለ ነበር፣ አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

«ልጄ» አለ ሃሞ፤ «አባ ፒርስን ጥራልኝ፤ ልናዘዝ።»

«ደህና ነዎት እኮ፣ አባባ። ትናንትም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«ትናንት ስቀልድ ነው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ። ትከሻዎን ብቻ ልጨርስ፤ ብርሃኑ ይሄድብኛል።»

«እኔስ?» አለ ሃሞ።

ይህን ሲል ለጀርቬስ ፈገግ ያለ መስሎት ነበር፤ በኋላ ዘመኑን ሁሉ ፈገግ ብሎ ነበር ወይስ አልነበረም እያለ ሲያስብ ኖረ። በዚያች ሰዓት ግን ከሰሉን አላስቀመጠም። የአባቱን ትከሻ ጨረሰ፤ ከትከሻው በታች ያለውን ጉድጓድ ጨረሰ፤ የአንገቱን ጅማት ጨመረ። ሁለት ጊዜ አባታችን ሆይ ከሚደገምበት ጊዜ የማይበልጥ መሰለው፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከአልጋው አልፎ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ነበር። ቀና ሲል የአባቱ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ሰሌዳውን ጥሎ ሮጠ።

አባ ፒርስ ሳይዘገዩ ቅባቱንና ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ወጡ። ነገር ግን በዚያ አገር ቁርባን ይዞ ወደ ሕመምተኛ የሚሄድ ካህን አይሮጥም፤ ፊት ፊቱ ደወልና ሻማ የያዘ ሰው ይሄዳል፤ ደወሉን የሰማ ሁሉ፣ ጭቃም ቢሆን፣ ካህኑ እስኪያልፍ በጉልበቱ ይወድቃል። ደወሉን የያዘው ጀርቬስ ራሱ ነበር። እግሩ እየቸኮለበት ደወሉም አብሮ ተቻኮለ።

«ቀስ በል!» አሉት አባ ፒርስ ከኋላው። «የተሸከምኩት የዱቄት ከረጢት መሰለህ?»

«አባቴ እየሞተ ነው፣ አባ!»

«ታዲያ ቀደም ብለህ አትጠራኝም ነበር?»

በድልድዩ ላይ ለማኞቹ ወታደሮች ተራ በተራ ተንበረከኩ፤ አንዱ እግሩ የተቆረጠ ነበርና ለመንበርከክ ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ካህኑም ቆመው ጠበቁት። ጀርቬስ ደወሉን እየደወለ፣ በቡርጎንዲ ማዕድ ላይ በዚሁ ደወል የሳቀውን ሳቅ አስታወሰ፤ አሁን ደወሉ እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም፤ የሚያውቀው አባቱ እውነት ነው ብሎ እየጠበቀው መሆኑን ብቻ ነው።

ሲደርሱ ማርጀሪ እርጥብ ክንዷን ሳታደርቅ አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ የሃሞን ዓይን ከድናለች።

«ስገባ ገና በሕይወት ነበር» አለች። «‹አባ ፒርስ መጡ?› አለኝ። ‹እየመጡ ነው› አልኩት፤ መጠራታቸውንም ሳላውቅ ዋሸሁለት። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። አንተ የት ነበርክ?»

«አባን ልጠራ ሄጄ ነበር» አለ ጀርቬስ።

ይህ እውነት ነበር። ማርጀሪም ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም፤ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ሰሌዳ አንሥታ፣ ከሰሉ እንዳይጠፋ በጠርዙ ይዛ ሰጠችው።

ሃሞ በካቴድራሉ በስተሰሜን፣ ፀሐይ በማይነካው የድሆች መቃብር ተቀበረ። በዚያ ክረምት ጀርቬስ ከሥራ ቦታው አልወጣም ማለት ይቻላል፤ መሮውና መዶሻው ከማለዳ እስከ ሠርክ ይሰማ ነበር። ያ የማርቲን ዕለት ሥዕል ከሠራቸው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ትከሻው በድንጋዩ ውስጥ ሲወጣ ሌሎቹ ጠራቢዎች ሥራቸውን ትተው ይመለከቱታል። «ከዚህ በላይ የሠራ ሰው የለም» ሲሉት ጀርቬስ ወጥቶ ዝናብ ላይ ይቆማል።

በመጋቢት ወር ግራ እጁ ላይ ደረሰ። ጳጳሱ አሥር ጣት አላቸው፤ ቀለበታቸውን የሳመ ሁሉ ያውቃል። ለትንሿ ጣት የሚበቃ ድንጋይ በልኩ ተትቶ ነበር። ጀርቬስ መሮውን በአንጓው ላይ አስቀምጦ ግማሽ ቀን ቆየ። ጳጳሱ፣ በመቃብሩ ፊት «በዚህ ለተኛው» አንድ አባታችን ሆይ ለሚደግም ሁሉ የአርባ ቀን የኃጢአት ቅጣት ሥርየት እንደሚሰጡ አስነግረዋል። ቅባት ያላገኘ ሰው፣ ከሺህ ሰው አፍ በሚወጣ ጸሎት ያጣው ይመለስለት ይሆን? እግዚአብሔር እጁን አይቶ የማን እንደሆነ ይለይ ይሆን? ወይስ ይህ ሁሉ በቡርጎንዲ የሳቀበት ነገር ራሱ ነው? መሮውን መታ፤ የጣቷ ጫፍ በወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች።

መቃብሩ የተገለጠው በሆሳዕና እሑድ ነው። ጳጳሱ በጠባቂዎች ታጅበው እንደ ቆሙ፣ ሕዝቡም በዘንባባ ፋንታ የአኻያ ቅርንጫፍ እንደ ያዘ፣ መጋረጃው ተነሣ። በሕዝቡ መካከል የነበረው ጉርምርምታ ጸጥ አለ፤ ከግብሩ የተነሣ ጳጳሱን ሲረግሙ የኖሩ ሰዎች ያን የተራበ ጎን አይተው አማተቡ። በዚህ ጸጥታ ውስጥ የማርጀሪ ድምፅ ተሰማ።

«ውይ በሞትኩት! ይሄማ ሃሞ ነው! ጣቱን አታዩትም?»

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ በአፍንጫው ሳቀ። ከኋላ ያሉት «ምን አለች? ማን ነው አለች?» ይባባሉ ጀመር። ጳጳሱ አልዞሩም፤ ነገር ግን ዓይናቸው ወደ ሬሳው ግራ እጅ ሄደ።

በማግሥቱ ጀርቬስ ወደ መቃብሩ ተጠራ። ጳጳሱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ቀርተዋል። ጓንታቸውን አውልቀው ግራ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ቁጠር።»

«አምስት ናቸው፣ ብፁዕ አባታችን።»

«እታች የተኛውስ?»

ጀርቬስ ጣቱ ወደ ጎደለው የድንጋይ እጅ ተመለከተ።

«አባትህ ነው አሉኝ። ስትሥለው ነው የሞተው?»

«ሥዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ካህን ጥራልኝ ብሎኝ ነበር፤ ትከሻውን እስክጨርስ አቆየሁት። ሳይናዘዝ ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑም ሰዉም የሚያውቀው እንዳልደረስኩ ነው፤ እንዳቆየሁት የሚያውቅ የለም።»

ጳጳሱ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብለው ትከሻውን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። «መልካም ትከሻ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ጀርቬስ ከዚህ የከበደ ቃል ሰምቶ አያውቅም። «ጣቷን መልሳት።»

«ድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ሌላ ድንጋይ አስመጥቼ ከመጀመሪያው ልሥራ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መስከረም።»

ጳጳሱ ወደ በሩ ተመለከቱ። በደቡብ አውራጃዎች ሕዝቡ ዳግመኛ ተነሥቷል የሚል ወሬ በዚያ ሳምንት መጥቶ ነበር። «መስከረም ሩቅ ነው» አሉ። «እንዲሁ ይቆይ። አንተ ግን ቅጣትህን ስማ። ይህ የተኛው ማን እንደሆነ ለሰው አትናገርም፤ አትጽፍም፤ ስትሞት ለሚናዝዝህ ካህን ካልሆነ በቀር አፍህን አትከፍትም። ብትናገር ሰው ያዝንልሃል፤ ሲያዝንልህም ይቀልልሃል። እንዳይቀልልህ።»

«ጸሎቱስ? ለእሱ ይደርሰዋል?»

«‹በዚህ ለተኛው› ብዬአለሁ» አሉ ጳጳሱ ጓንታቸውን እያጠለቁ። «ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም።»

ጀርቬስ ያን ቃል እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያገላብጠው ኖሯል፤ የንስሐ አባት ቃል ነበርን? ወይስ የከተማ ሳቅ ያስፈራው ባለሥልጣን ቃል? አንዳንድ ዓመት አንዱ፣ አንዳንድ ዓመት ሌላው ይመስለው ነበር።

ያን ዕለት ማርጀሪን ፈልጎ አገኛት።

«እትዬ፣ ስለ ጣቱ ከእንግዲህ አይናገሩ። ስለ እኔ ይሁን።»

«ለምን? ክብር አይደለም እንዴ? አባትህን ካቴድራል ውስጥ አስገባኸው!»

«አልችልም፤ ምክንያቱን አይጠይቁኝ።»

አሮጊቷ ፊቱን ዐይታ፣ ወንዝ የወረደችበትን ቀን እንዳሰበች ሁሉ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ዝም እላለሁ» አለች። «ስጸልይ ግን ስሙን እጠራለሁ። እሱን ማንም አይከለክለኝም፤ ጳጳሱም ቢሆኑ።»

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እየመጣች በመቃብሩ ፊት ትንበረከክ ነበር፤ ጀርቬስም ከአዕማዱ አጠገብ ቆሞ፣ በሹክሹክታ «ሃሞ» ስትል ይሰማት ነበር። እሱ ራሱ ያን ስም በዚያ ቦታ አንድም ቀን አልጠራውም። ከተማዋ ወሬውን በአንድ ክረምት ረሳችው፤ ማርጀሪ በሦስተኛው ዓመት ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚጠራ አልተገኘም። ጳጳሱ ከአራት ዓመት በኋላ በአልጋቸው ላይ፣ ቅባታቸውን ተቀብተው፣ በሰላም አረፉ፤ ሕዝቡም መቃብራቸውን እያየ «ትሑት አባት ነበሩ» አለ። ጀርቬስ ወደ ባሕር ማዶ አልተመለሰም፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ቆይቶ ብዙ ድንጋይ ጠረበ፤ የሰው አካል ግን ዳግመኛ አልጠረበም።

ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በንጉሡና በአገሩ ምክር ቤት መካከል በተነሣው ጦርነት ጊዜ፣ ወታደሮች ካቴድራሉ ውስጥ ፈረስ አስረው የላይኛውን ጳጳስ ፊትና እጆች በመዶሻ ሰባበሩ። የታችኛውን አልነኩትም፤ ምናልባት ራሳቸው ያዩት ረሃብ ታይቷቸው ይሆናል። በኋላ ጥፋቱን የመዘገበው ሊቅ ግን የታችኛውን የግራ እጅ ትንሽ ጣት ወታደሮቹ ከሰበሩት ጋር ቆጠረው። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የመጣ አዳሽ፣ መዝገቡን አምኖ፣ ከኖራ ጣት ሠርቶ ቀጠለለት፤ ለመልካም ሥራውም ተመሰገነ።

ወንዙ በሚሞላባቸው ክረምቶች እርጥበት በወለሉ ሲወጣ ያ የኖራ ጣት ይላቀቅና ይወድቃል። የካቴድራሉ ጠባቂዎች በማለዳ ሲጠርጉ ያገኙትና ያጣብቁታል፤ ከተሰበረም ሌላ ይሠሩለታል። በየመዝገቡ ጳጳስ ሬጂናልድ አሉ፤ ቀራጩ ጀርቬስ በአንድ መስመር አለ፤ ሃሞ የሚባል ሰው የለም። ጣቱን ለመመለስ ብዙዎች ደክመዋል፤ ቀድሞውንስ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።